የጠዋቱ 70 እና የከሰዓቱ 66፣ የትኛው ይበልጣል?

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው። በቅርቡ አንድ መስሪያ ቤት የቅጥር ፈተና አውጥቶ ነበር፣ ሰው ስለበዛ ግማሹ ጠዋት ግማሹ ከሰዓት ገባ፣ ፈተናው ግን አንድ አይደለም ሁለት የተለያየ ነው። እኔ ከሰዓት ነበርኩ፣ የኛ ሂሳቡ በጣም ረጅም ስለነበር ሰዓት አልበቃንም፣ የጠዋቶቹ ግን ጨርሰው ቁጭ ብለው ነበር አሉ። ውጤት ሲለጠፍ ሁላችንንም በአንድ ሊስት ከላይ ወደታች ደርድረው ቆረጡት፣ እኔ 66 አምጥቼ ወደቅኩ፣ 70 ያመጣ የጠዋት ልጅ አለፈ። ስንጠይቅ ሁለቱም ፈተና እኩል ነው የወጣው አሉን። ይሄ ልክ ነው? ቅሬታ ባስገባስ ምን ብዬ ላስገባ? (ተፈታኟ፣ ከጠባሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ልክ አይደለም። ልክ አይደለም ስልሽ ግን ማለፍ ነበረብሽ እያልኩሽ አይደለም፣ እሱን ለማወቅ የሁለቱን ዙር ሙሉ ውጤት ማየት ይፈልጋል። ልክ ያልሆነው ከሁለት የተለያየ ወረቀት የመጣን ጥሬ ነጥብ ምንም ሳይሰሩበት ጎን ለጎን ማስቀመጡ ነው። እኩል ነው የወጣው የሚሉት የአውጪው ሃሳብ ነው፣ ጥያቄ መክበዱም መቅለሉም የሚታወቀው ተፈታኝ ከሰራው በኋላ ነው፣ ስንት ዓመት ፈተና ያወጣ መምህር እንኳ ቀላል ነው ብሎ ያስገባው ጥያቄ ክፍሉን በሙሉ ሲጥል አይቶ ያውቃል። ይሄ በ12ኛ ክፍል ከምታውቂው ኮድ ጋር እንዳይምታታብሽ፣ ኮዱ ቢለያይም ጥያቄዎቹ ያው ናቸው ቅደም ተከተላቸው ነው የሚቀያየረው፣ እዛ ላይ ማስተካከያ አያስፈልግም።

እንግዲህ እንዴት ይስተካከላል ካልሽ በምሳሌ ላሳይሽ። የጠዋቱ አማካይ 62 የከሰዓቱ 54 ነው እንበል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ለከሰዓቶቹ 8 ጨምርላቸው ይላል፣ ግን አማካይ ብቻውን አይበቃም፣ ውጤቱ ምን ያህል ተበታትኗል የሚለውም መታየት አለበት፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚባለው እሱ ነው። የጠዋቱ 10 የከሰዓቱ 12 ይሁን። 66 ያመጣች የከሰዓት ተፈታኝ ከዙሯ አማካይ በ12 ትበልጣለች፣ ማለትም ልክ በ1 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን። 70 ያመጣው የጠዋት ልጅ ከአማካዩ የሚበልጠው በ8 ነው፣ ያ ደግሞ 0.8 ነው። ያንቺ 66 በጠዋቱ ስኬል (የጠዋቱ አማካይ 62 ላይ 1 የጠዋት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ማለትም 10 ሲደመር) 72 ይሆናል ማለት ነው፣ 70ውን ይበልጣል። ዝም ብለን 8 ብንጨምር ኖሮ 74 ይሆን ነበር፣ እሱ ደግሞ የማይገባ ነጥብ መስጠት ነው። በተቃራኒው ከሰዓት 42 ያመጣ ሰው 8 ሲጨመርለት 50 ይሆናል፣ በትክክለኛው ስሌት ግን 52 ነው የሚገባው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው፣ የናንተን መስሪያ ቤቱ ያውቃል።

ሌላው መንገድ ፐርሰንታይል ነው፣ በራስሽ ዙር ውስጥ ከመቶ ስንቱ ካንቺ እኩል ወይም በታች አመጣ የሚለው። ህንዶች የኢንጂነሪንግ መግቢያ ፈተናቸውን በፈረንጆቹ ከ2019 ጀምሮ እንዲህ ነው የሚያስተካክሉት፣ ተፈታኙ በጣም ብዙ ስለሆነ እኩል የሚወጣ እንዳይበዛ እስከ 7 ዴሲማል ድረስ ያሰሉታል።

አሁን ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ እባክሽ ልብ ብለሽ አንብቢው። ከላይ ያልኩሽ ስሌት ሁሉ የሚሰራው የጠዋቱና የከሰዓቱ ሰው በችሎታ ሲመጣጠን ብቻ ነው። 8ቱ ነጥብ የወረቀቱ ክብደት ነው ብለን የምንደመድመው ሰዎቹ ተመሳሳይ ናቸው ብለን ስለተነሳን ነው። ስለዚህ ከፎርሙላው በፊት የሚጠየቀው ማን ጠዋት ማን ከሰዓት እንደገባ በምን ተወሰነ የሚለው ነው። በእጣ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ሰውም በርከት ካለ ሁለቱ ቡድን ይመጣጠናል። በምዝገባ ቅደም ተከተል ከሆነ ግን መብራትና ኔትወርክ ያለው ቀድሞ ተመዝግቦ ጠዋት ይገባል። አንዳንዴ ደግሞ በቅን ልብ የሚደረግ አለ፣ የከተማው ልጅ ጠዋት ይግባ፣ ከመንዝ ከመርሃቤቴ ከሩቅ የሚመጣው ከሰዓት ይድረስ ይባላል፣ አሳቢነት ነው አልቃወምም፣ ግን የከሰዓቱ አማካይ ዝቅ ሲል ወረቀቱ ከብዶ ይሁን ልጆቹ ሌሊት ተነስተው መንገድ ላይ ውለው ደክመው ይሁን መለየት አይቻልም። የ2013ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ላይ በጦርነቱ ምክንያት በ2 ዙር ሲሰጥ ያየነው ነገር ነው፣ በ2014 ህዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ መጥቶ ነበር፣ ዙሩን የለየው እጣ ሳይሆን የጦርነቱ ቦታ ሲሆን እያንዳንዱን ዙር ለብቻው በፐርሰንታይል አወዳድሮ መቀላቀል ትምህርቱ የተቋረጠበትን ካልተቋረጠበት ጋር እኩል ነው ብሎ እንደመነሳት ነው።

እንዲህ ሲሆን መፍትሄው የጋራ ጥያቄ ነው። በሁለቱም ወረቀት ውስጥ 20 አንድ አይነት ጥያቄ ይገባል። በ20ው ጠዋቶቹም ከሰዓቶቹም በአማካይ 12 ካመጡ ሰዎቹ ይመጣጠናሉ፣ 8ቱ ልዩነት የወረቀቱ ነው። ጠዋቶቹ 14 ከሰዓቶቹ 12 ካመጡ ግን ጠዋቶቹ በእርግጥ ይሻላሉ፣ ከ8ቱ የተወሰነው የነሱ ነው። ችግሩ ቴሌግራም ነው፣ የጠዋቱ ወጥቶ ምሳ ሳይበላ ጥያቄው ከሰዓት ለሚገባው ይደርሳል፣ በ2008 የእንግሊዝኛ ፈተና ሾልኮ ወጥቶ የ12ኛ ክፍል ፈተና የተሰረዘበትን ጊዜ ማን ይረሳል። ስለዚህ የጠዋቶቹ ከሰዓቶቹ እስኪገቡ ድረስ ስልካቸው ተይዞ መቆየት አለባቸው፣ ምሳም ውሃም ይቅረብላቸው። እውነቱን ለመናገር እንደዛ ማቆየት ከተቻለ ደግሞ ለሁሉም አንዱን ፈተና መስጠት ነው የሚሻለው፣ ማስተካከያ የሚባል ነገር አይኖርም።

ቅሬታሽ ላይ 66ቴ አለፈ በሉልኝ አትበይ። ምደባው በምን እንደተሰራ፣ የየዙሩ ተፈታኝ ብዛት አማካይና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ስንት እንደሆነ፣ ሁለቱ ወረቀቶች የጋራ ጥያቄ ይኑራቸው አይኑራቸው፣ እና ማስተካከያ ላለማድረግ የተወሰነው ከፈተናው በፊት ይሁን በኋላ ብለሽ በጽሁፍ ጠይቂ። የማንንም ስም የማይጠይቅ ስለሆነ ሚስጥር ነው ሊሉሽ አይችሉም። ብቻሽን ከምታስገቢ ከሰዓት ከነበሩት ጋር ሆናችሁ ፈርሙበት።

ጥያቄ፦ እኔ በጠዋቱ ነበርኩ፣ ለፍቼ ነው ያመጣሁት። ለከሰዓቶቹ ሲጨመር የኔ ተቀነሰ ማለት አይደለም ወይ? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል፣ ነጥብህን ግን ማንም አይነካውም፣ የሚለወጠው ተራህ ሊሆን ይችላል። ከላይ ባሳየሁት ስሌት የከሰዓቱን ወደ ጠዋቱ ስኬል ብታመጣም የጠዋቱን ወደ ከሰዓቱ ብታወርድም ተራው ያው ነው፣ ማን ላይ ተጨመረ ማን ላይ ተቀነሰ የሚባለው መነሻው ላይ ብቻ ነው የሚወሰነው። ልትቃወም የምትችለው፣ እኔም አብሬህ የምቃወመው፣ ህጉ ውጤት ከታየ በኋላ ከወጣ ነው። ህንድ ፕራያግራጅ ከተማ በፈረንጆቹ 2024 ህዳር ወር ላይ የመንግስት ስራ ተፈታኞች ለቀናት ሰልፍ ወጥተው ነበር፣ ፈተናው በተለያየ ቀንና ፈረቃ ተሰጥቶ በስሌት ይስተካከላል ሲባል አናምነውም ነው ያሉት፣ ፈተናውን የሚያወጣው ኮሚሽንም ያንን ትቶ የመጀመሪያውን ዙር ፈተና በአንድ ቀን ለማድረግ ተገደደ።

ጥያቄ፦ መሀል ሜዳ አስተማሪ ነኝ። ትምህርታችን በፈረቃ ስለሆነ ለሁለት ክፍል ሁለት የተለያየ ፈተና አወጣለሁ፣ እያንዳንዱ ክፍል 40 ተማሪ ነው፣ ደረጃ ግን አንድ ላይ ነው የሚወጣው። ፐርሰንታይል ልጠቀም?

መልስ፦ መምህር፣ አይጠቀሙ። በ40 ልጅ አንድ ተማሪ ብቻውን 2.5 ፐርሰንታይል ነው፣ ሁለት ጎበዝ ልጅ በህመም ቢቀር የሌላው ሁሉ ደረጃ ይዘበራረቃል። አማካዩም በትንሽ ሰው ይዋዥቃል። የፋይናሉን ፈተና ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱንም ክፍል በአንድ ሰዓት ያስቀምጧቸውና አንድ ወረቀት ይስጧቸው፣ ክፍል ካነሰ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግረው ሌላ ክፍል ያስከፍቱ፣ ፈታኝ የሚሆን አንድ ባልደረባ ነው የሚያስፈልግዎ።