የፂም ብሩሽ፦ የእንስሳ ፀጉር ወይስ ሰው ሠራሽ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ሁሉ የፂም ብሩሽ ላይ ወድቀዋል፤ ፂም ሲላጩ የሳሙና አረፋ የሚመታበትና ፊት ላይ የሚቀባበት ብሩሽ ማለት ነው። ገሚሶቹ በአጭሩ «የትኛው ይሻላል?» ይላሉ። መልሱ ግን ብሩሹ ከተላጩ በኋላ የት እንደሚደርቅ፣ ሳሙናው ደረቅ ይሁን ክሬም፣ ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት ሳይታወቅ አይሰጥም። እንግዲህ አንድ በአንድ እንያቸው።

ለባለቤቴ ለጥምቀት የፂም ብሩሽ ልገዛለት ነበር። ሻጩ አንዱን «የባጀር ፀጉር ነው» ብሎ የሌሎቹን ሦስት እጥፍ ጠራብኝ። ጫፉ ነጭ፣ መሐሉ ጥቁር ነው። እንዳልታለል በምን ልለየው? — ከማራኪ

ባጀር በአውሮፓና በእስያ የሚኖር፣ ጉድጓድ የሚምስ አውሬ ነው። ለብሩሽ የሚውለው ፀጉሩ በብዛት የሚመጣው ከቻይና ነው። እያንዳንዱ ፀጉር ሥሩ ነጣ ያለ፣ መሐሉ ጥቁር፣ ጫፉ ነጭ ወይም ግራጫ ነው። ችግሩ ይህን መልክ በቀለም ማምጣት ቀላል መሆኑ ነው፤ የአሳማ ፀጉርም ናይለንም እንዲህ እየተቀባ ይሸጣል። በመጀመሪያ ጥቁሩን መስመር ይመልከቱ። የተፈጥሮው ከፀጉር ፀጉር ትንሽ ከፍ ዝቅ ስለሚል ዳር ዳሩ ደብዘዝ ይላል፤ የተቀባው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

ቁርጡን የሚነግርዎ እሳት ነው። ሻጩን አስፈቅደው ከብሩሹ አንዲት ፀጉር ይንቀሉ፣ በወረንጦ ይያዙና ክብሪት ያስጠጉባት። የእንስሳ ፀጉር ከሆነ ይንጨረጨራል፣ የታወቀውን የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ይሸታል፣ የቀረው ጥቁር ነገርም በጣት ሲያሹት ይደቃል። ሰው ሠራሽ ከሆነ ቀልጦ ይኮማተራል፤ ጫፉ ላይ የማይደቅ ጠጣር እንክብል ይቀራል።

እሳቱ የእንስሳ መሆኑን እንጂ የየትኛው እንስሳ መሆኑን አይናገርም። ባጀርን ከአሳማ የሚለየው ጫፉ ነው። የባጀር ፀጉር አንድ እንደሆነ እየቀጠነ ያልቃል፤ የአሳማው ወፍራም ሆኖ ይመጣና ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ይሰነጠቃል። በስልክዎ ካሜራ አቅርበው ቢያነሡት ስንጥቁ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የአሳማ ፀጉር ፊታቸው እንዲነካ የማይፈልጉ ሁለት አንባቢዎችም መለያውን ጠይቀው ነበርና መልሱ ለእነርሱም ይሁን። ሃይማኖታዊ ፍርዱን ግን ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለሼኻችሁ እተወዋለሁ።

ስለ ዋጋው ከጠየቁኝ፣ ባለቤትዎ ብሩሹን አጥቦ፣ አራግፎ የሚያደርቅ ሰው ካልሆነ ሦስት እጥፉን አይክፈሉ። በሰው ሠራሹ ከመጡ ደግሞ ክሮቹ ከእጀታው የሚወጡበት ቦታ ውፍረቱ ከ22 እስከ 24 ሚሊሜትር የሆነውን ይምረጡ። ከ26 በላይ የሆነው አፍንጫ ሥርና ከንፈር ላይ ይንዛዛል።

የምኖረው ዶርም ውስጥ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሙቅ ውሃ የለም። ብሩሽ ያስፈልገኛል ወይስ ትርፍ ወጪ ነው? — ከቴዎድሮስ ግቢ

ሰው ሠራሹን ይግዙ። ግማሽ ሊትር ውሃ ይበቃዎታል። የእንስሳ ፀጉር ውሃ መጥጦ እስኪለሰልስ መዘፍዘፍ አለበት፤ የሰው ሠራሹ ክር ግን ወደ ውስጥ የሚመጠው ይህ ነው የሚባል ውሃ ስለሌለ መዘፍዘፍ አያሻውም።

ፊትዎን አርጥበው ሁለት ደቂቃ ይቆዩ፤ የረጠበ ፂም ለምላጭ ይለሰልሳል፣ ቀዝቃዛ ውሃም ቢሆን ይሠራል። ብሩሹን ነክረው ሁለት ጊዜ በኃይል ያራግፉ። ከደረቅ ሳሙና ላይ ከሆነ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያዙሩ፤ ክሬም ከሆነ የባቄላ ፍሬ ያህል ጫፉ ላይ ያድርጉ። ከዚያ ፊትዎ ላይ እያሹ፣ የብሩሹን ጫፍ ብቻ ውሃ እያስነኩ አረፋውን ያሳድጉ። በሰው ሠራሽ ብሩሽ የሚበላሸው ነገር አንድ ነው፤ ሳይራገፍ መጀመር። በክሮቹ መካከል የተያዘው ውሃ ባንዴ ይለቀቅና አረፋው እንደ አጥሚት ቀጥኖ ክንድ ላይ ይወርዳል።

እኛ አካባቢ ፈረስ ሞልቷል። የጋማና የጭራ ፀጉር ሰብስቤ ብሩሽ ሠርቼ መሸጥ አስቤያለሁ። ውጭ አገር የፈረስ ፀጉር ብሩሽ አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እንዴት ይሠራል? — ከዳባት

እውነት ነው፣ የፈረስ ፀጉር ብሩሽ አለ። የጋማው ለስላሳ፣ የጭራው ጠንካራ ስለሆነ ሁለቱ ይደባለቃሉ፤ ውጤቱ በአሳማና በባጀር መካከል ይውላል። እንስሳው ሳይታረድ የሚሰበሰብ መሆኑም ይወደድለታል። ግን ሁለት እንቅፋት አለብዎት፤ አንዱ የእጅ ሥራ፣ ሌላው የሕይወት ጉዳይ ነው።

የእጅ ሥራው ይህ ነው። ጥሩ ብሩሽ በመቀስ አይከረከምም። ፊት የሚነካው የፀጉሩ የተፈጥሮ ጫፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ፀጉሮቹ ጫፍ ከጫፍ ተስተካክለው የጉልላት ቅርጽ ባለው ጎድጓዳ መስፈሪያ ውስጥ ጫፋቸው ወደ ታች ይሆናል፣ ከሥራቸው በኩል ይታሰራሉ፣ ትርፉ ከሥር ይቆረጣል፣ ከዚያ ሥሩ ሙጫ ይጠጣል። የዝንብ ጭራ እንደሚታሰረው አስረው ከላይ ቢከረክሙት እያንዳንዱ ፀጉር አፉ የተቆረጠ ሽቦ ሆኖ ጉንጭ ይወጋል። ይህንን በልምምድ ይወጡታል እንበል።

ሁለተኛውን ግን በልምምድ አይወጡትም። አባ ሰንጋ ከብት፣ በግ፣ ፈረስ የሚገድል በሽታ መሆኑን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። ጀርሙ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ በፀጉርና በቆዳ ላይ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ምላጭ ደግሞ ዓይን የማያየው ጭረት በየቀኑ ፊት ላይ ይከፍታል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ልክ ይኸው ሆነ። የባጀር ፀጉር መምጫው ሲስተጓጎል በአግባቡ ያልጸዳ የፈረስ ፀጉር ከእስያ ገብቶ ባጀር መሰል ብሩሽ ተሠራበት፤ እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ከ200 በላይ ወታደሮችና ሲቪሎች በፂም ብሩሽ የተነሳ አባ ሰንጋ ያዛቸው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1920 የጃፓን ብሩሽ እንዳይገባ እስከ መከልከል ደርሳለች።

«ቀቅዬ እጠቀማለሁ» እንዳይሉ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ስለሆነች ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ የእናንተ ደጋ ከዚያም ከፍ ስለሚል ውሃችሁ ከዚያም ባነሰ ሙቀት ይፈላል። የአባ ሰንጋን ጀርም በሙሉ ለመጨረስ የሚታመነው ሆስፒታል ዕቃ የሚያፈላበት ዓይነት፣ 121 ዲግሪ የሚደርስ የታመቀ እንፋሎት ነው። ያ ማሽን በእጅዎ ከሌለ የፈረሱን ፀጉር ለጭራና ለወንፊት ያውሉት። የእጅ ሙያ ካለዎት የዋንዛ ወይም የወይራ እጀታ ጠርበው የተዘጋጀ ሰው ሠራሽ የክር ጥቅል ቢተክሉበት የሚሸጥ ዕቃ ይወጣዎታል።

ብሩሼ የአሳማ ፀጉር ነው። በጋውን ሙሉ ደህና ነበር፤ ሐምሌ ሲገባ መሽተት ጀመረ፣ አሁን ፀጉሩም ይረግፋል። ቁልቁል ነው የማደርቀው፤ ምን አጠፋሁ? — ከአዘዞ

ቁልቁል ቢሰቅሉትም ቢያቆሙትም ለውጡ ትንሽ ነው። የሚያደርቀው ነፋስ ነው፤ በክረምት የጎንደር መታጠቢያ ቤት ደግሞ ነፋስም ፀሐይም የለውም። የእንስሳ ፀጉር በበጋ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ይደርቃል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። በየቀኑ የሚላጩ ከሆነ ሥሩ አንድም ቀን ሳይደርቅ ክረምቱ ያልፋል። ሽታው የመጣው ከዚያ ነው፤ ሥሩ ላይ የተጠራቀመ ሳሙናና እርጥበት ሻጋታ ያበቅላል።

መጀመሪያ ያጽዱት። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ጠብታ ላርጎ ጨምረው፣ በጣትዎ ሥሩን እየከፈቱ ያሹ፣ ያለቅልቁ። ቀጥሎ 1 እጅ አቼቶ በ4 እጅ ውሃ በጥብጠው ብሩሹን 10 ደቂቃ ይንከሩት። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ከሆነ ይህ ይበልጥ ይጠቅምዎታል፤ ውሃው ውስጥ ያለው ኖራ ከሳሙናው ጋር ተጣብቆ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ የሚፈታውም አሲድ ነው። ከዚያ እንደገና አለቅልቀው፣ ጨምቀው፣ በፎጣ አሽተው ከመታጠቢያ ቤት ውጭ ያስቀምጡት። ከሰል ምድጃ አጠገብ አይሁን፤ ፀጉሩ ይሰባበራል፣ እጀታውም ይሰነጠቃል።

የመርገፉ ነገር እንደ ዓይነቱ ነው። አንድ ሁለት ፀጉር በሳምንት ምንም አይደለም። በእያንዳንዱ መላጨት አምስት ስድስት የሚወጣ ከሆነ ሥሩን የያዘው ሙጫ ለቋል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የፈላ ውሃ ነው፤ ብሩሽ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ፣ ማለትም እጅ ከሚችለው ሙቀት በላይ ውሃ አይወድም። ይህ አይጠገንም፣ ይጣላል። ጥቅሉ ባንዴ ተመዝዞ ከእጀታው የወጣ ከሆነ ግን ዕድለኛ ነዎት። የድሮውን ሙጫ ፍቀው፣ ጉድጓዱን በብርጭቆ ወረቀት አሻክረው፣ ከሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ በሚደርቀው ኢፖክሲ ይትከሉትና 24 ሰዓት ሳይነኩ ያቆዩት።

ለሚመጣው ክረምት ሁለት ብሩሽ ያፈራርቁ፤ አለዚያ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰው ሠራሹን ይጠቀሙ፣ ያ በግማሽ ቀን ይደርቃል። የእንስሳውን እስከዚያ ሲያስቀምጡ በደንብ ደርቆ፣ ነፋስ በሚያስገባ ጨርቅ ይሁን። በየጊዜውም ያዩት፤ ብል ሱፍ እንደሚበላ ሁሉ ይህንንም ይበላል።

ፀጉር ቤት አለኝ። ደንበኞች በብሩሽ ሲላጩ ደስ ይላቸዋል፤ በአንዱ ብሩሽ ግን ሁሉንም መላጨት ያሳስበኛል። የትኛው ብሩሽ ነው ለጽዳት የሚመች? — ከፒያሳ

ስጋትዎ ልክ ነው። ጭርትና የፂም ሥር መግል በብሩሽ ይተላለፋሉ፤ ደም የነካው ብሩሽማ ከዚህም የከፋ ነገር ያስተላልፋል። በእንስሳ ፀጉር ብሩሽ ፀጉር ቤት ውስጥ መሥራት የለብዎትም፤ በረኪና የእንስሳን ፀጉር ይበላዋልና ሳያበላሹ ማጽዳት አይችሉም።

ሰው ሠራሽ ይግዙ፣ የብረት ቀለበት የሌለው ይሁን፣ ብረቱ በበረኪና ይዝጋል። ከእያንዳንዱ ደንበኛ በኋላ በመጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፤ አረፋና ቆሻሻ ካለበት በረኪናው አቅሙን እዚያው ላይ ይጨርሳል። ከዚያ 5 በመቶ ከሆነው በረኪና 1 እጅ በ9 እጅ ውሃ በጥብጠው 10 ደቂቃ ይንከሩት፣ ሽታው እስኪጠፋ ያለቅልቁት፣ ያድርቁት። ድብልቁ በየቀኑ አዲስ ይሠራ፤ ያደረው ደክሟል።

እንግዲህ ይቁጠሩት። አንዱ ብሩሽ እስኪደርቅ ግማሽ ቀን ከወሰደ፣ በቀን 12 ሰው ለሚላጭ ቤት ቢያንስ ግማሽ ደርዘን ያስፈልጋል። ያን ያህል መግዛት ካልተቻለ ክሬሙን በታጠበ እጅ መቀባት ይሻላል። ቋሚ ደንበኛ ደግሞ ስሙ የተጻፈበት የራሱ ብሩሽ ቢኖረው ደስ ይለዋል።

የገላ ሳሙና በብሩሽ ብመታው አረፋው ምላጩን ሳላነሳ ይጠፋል። ብሩሹ ነው ጥፋተኛው?

አይደለም፣ ሳሙናው ነው። የገላ ሳሙና ባመዛኙ የሶዲየም ነው፤ የመላጫ ሳሙና ፖታሲየምም ስቴሪክ አሲድ የሚባለው የስብ አሲድም በብዛት ስላለበት አረፋው ጥቅጥቅ ብሎ ይቆያል። ብሩሽ ቢቀያይሩ ያው ነው።

የ17 ዓመት ልጄ ሲላጭ አንገቱ ላይ ሽፍታ ይወጣበታል። የአሳማ ፀጉር ብሩሽ ገዛሁለት፤ ይባስ ይወጋኛል ይላል። ልጣለው? — ከቅዳሜ ገበያ

አይጣሉት። አዲስ የአሳማ ብሩሽ የሚወጋው ጫፉ ገና ስላልተሰነጠቀ ነው። ከ10 እስከ 20 ጊዜ አረፋ ከተመታበት በኋላ ይለሰልሳል። መላጨት አያስፈልግም፤ ማታ ማታ መዳፉ ላይ አረፋ ይምታበት፣ አለቅልቆ ያድርቀው። ሲጠቀምበትም በፊት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ለብ ባለ ውሃ ይዘፍዝፈው።

ሽፍታውን ግን ብሩሽ ብቻውን አያድነውም። ጥቅልል ፂም ባላቸው ሰዎች ላይ የተቆረጠው ጫፍ ታጥፎ ቆዳ ውስጥ ተመልሶ ይገባል፤ እብጠቱ ያ ነው። ቆዳውን እየወጠረ፣ ወደ ላይ እየላጨ፣ ሦስት ጊዜ የሚደጋግም ከሆነ ፂሙ ከቆዳ በታች ይቆረጥና ነገሩ ይብሳል። ፂሙ ወደሚያድግበት አቅጣጫ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳይወጥር ይላጭ፤ ሽፍታው ባለበት ቦታ ብሩሹን በክብ ማሸቱን ትቶ እንደ ቀለም ቀቢ ወደ ላይና ወደ ታች ይቀባው። መግል ከያዘ ሁለት ሦስት ሳምንት ምላጩን ያሳርፍና ሐኪም ይየው።