ከአውሮፕላን ወርዶ ሆቴል እስኪደርሱ፦ የኮንትራት መኪና በካሪቢያን ደሴት

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በድሬዳዋ ከዚራ የምኖር የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ። ባለቤቴና እኔ የተጋባንበትን 40ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ በአትላንታ የሚኖሩት ልጆቻችን በመጪው ጥር ሴንት ሉሺያ በተባለች የካሪቢያን ደሴት ለአንድ ሳምንት ሊያሳርፉን አስበዋል። ቪዛውም ሆነ የአውሮፕላን ትኬቱ ተዘጋጅቷል። አትላንታ ጥቂት ቀናት ከሰነበትን በኋላ ከሁለቱ ልጆቻችንና ከሁለት የልጅ ልጆቻችን ጋር ስድስት ሆነን ጥር 3 ቀን ደሴቲቱ እንገባለን። ሆቴላችን ሮድኒ ቤይ በሚባል ሰፈር ነው። ጭቅጭቁ የተነሣው ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ሆቴሉ ባለው መንገድ ነው። ወንዱ ልጄ ሄሊኮፕተር እንያዝ ይላል። ሴቷ ልጄ ደግሞ የኮንትራት መኪና ከወዲሁ ተይዞ፣ ሾፌሩ ስማችንን በወረቀት ጽፎ በር ላይ ይጠብቀን ትላለች። እኔ ግን እዚህ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ መኪና እንደማይጠፋ ሁሉ እዚያም ስለማይጠፋ፣ ወርደን ተደራድረን ብንሄድ ይረክሳል ባይ ነኝ። ባለቤቴ የምትጨነቀው በሌላ ነገር ነው፤ ሐረር ዘመድ ለመጠየቅ በወጣን ቁጥር የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ሳናልፍ ያጥወለውላታል። የማንኛችን ሐሳብ ይሻላል? ምን ምንስ አስቀድመን ማጣራት ይገባናል?

ተ. ገ.፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ በቅድሚያ እንኳን ለ40ኛው ዓመት የጋብቻ በዓላችሁ አደረሳችሁ። የሴት ልጅዎ ሐሳብ ይሻላል፤ ነገር ግን እርስዎም የሚመስልዎትን ያህል አልተሳሳቱም። ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ትኬቱን ያውጡና የሚያርፉበትን አውሮፕላን ማረፊያ ስም ያንብቡ። ሴንት ሉሺያ ትንሽ ብትሆንም ሁለት አውሮፕላን ማረፊያ አላት። ከአትላንታ፣ ከማያሚና ከለንደን የሚመጡት ትልልቅ አውሮፕላኖች የሚያርፉት በደሴቲቱ ደቡባዊ ጫፍ፣ ቪዩ ፎርት ከተማ አጠገብ ባለው ሄዋኖራ ነው። ሁለተኛው በዋና ከተማዋ በካስትሪስ የሚገኘውና በጆርጅ ቻርልስ ስም የተሰየመው ሲሆን፣ ከአጎራባች ደሴቶች የሚመጡ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ያስተናግዳል። የእርስዎ ሆቴል ያለበት ሮድኒ ቤይ ሰሜን ውስጥ፣ ከካስትሪስ አለፍ ብሎ ነው። ስለዚህ ልጆችዎ በኢንተርኔት መኪና ሲይዙ “ሴንት ሉሺያ አውሮፕላን ማረፊያ” የሚለውን ብቻ አይተው ካስትሪስን ቢመርጡ፣ ሾፌሩ ከሆቴሉ ደጃፍ ጥቂት ነድቶ በሰሜኑ ማረፊያ ሲጠብቃችሁ፣ እናንተ በደሴቲቱ ሌላ ጫፍ ከነሻንጣችሁ ቆማችሁ ትቀራላችሁ ማለት ነው። የቀረበላችሁ ዋጋ ከሌሎቹ ሁሉ በጣም ዝቅ ያለ ሆኖ ከተገኘም፣ ከመደሰት በፊት የትኛው ማረፊያ እንደተጻፈ መመልከት ይገባል።

ርቀቱን በተመለከተ፣ መላዋ ደሴት ከጫፍ እስከ ጫፍ 43 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ ከድሬዳዋ ሐረር ካለው 55 ኪሎ ሜትር ያነሰች ናት። ይሁን እንጂ ከሄዋኖራ ሮድኒ ቤይ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ምክንያቱን ባለቤትዎ ሳይነገራቸው ያውቁታል፤ መንገዱ የምሥራቁን ጠረፍ ይዞ በሚኩና በዴነሪ በኩል እየተጠማዘዘ ከመጣ በኋላ፣ ባር ደ ሊል የሚባለውን ደን የለበሰ ተራራ ወጥቶና ተሻግሮ ወደ ካስትሪስ ይወርዳል። ደንገጎን በዝናብ ወራት በለምለም ዛፍ ቢሸፍኑት ይህንኑ ይመስላል።

ለባለቤትዎ ሲባል ሦስት ነገር አስቀድሞ ይነገር። የፊት ወንበር የእሳቸው እንዲሆን፣ ሾፌሩ ቀስ ብሎ እንዲነዳ፣ እንዲሁም ዴነሪ ላይ፣ ተራራው ከመጀመሩ በፊት፣ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ እንዲቆም በጽሑፍ ይጠየቅ። የኮንትራት መኪና ከሌላው የሚበልጠው በዚህ ነው። ሰው ከሰው ጋር እየጫነ በየሆቴሉ ደጃፍ የሚያራግፈውን የጋራ ሚኒባስ ለአንድ ሰው ማቅለሽለሽ ብሎ ማስቆም ያሳፍራል፤ በከፈሉበት መኪና ግን ማቆምም፣ መስኮት መክፈትም፣ ወርዶ አየር መውሰድም መብት ነው። ከአትላንታ የሚገዛ የማቅለሽለሽ መከላከያ ኪኒን ካለም ባለቤትዎ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት ስለሚኖር ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይውሰዱ።

ሄሊኮፕተሩ የልጅነት ሐሳብ ነው ብዬ አልንቀውም። ከሄዋኖራ ተነሥቶ ካስትሪስ ያለው ማረፊያ ለመድረስ ከ15 ደቂቃ የማይበልጥ ጊዜ ይወስድበታል፤ ተራራውንም ከላይ ሆኖ ማየት ነው። ነገር ግን ትንሽ ሄሊኮፕተር ሻንጣ የሚችለው ጥቂት ስለሆነ ዕቃው በመኪና መላኩ አይቀርም፤ ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ላይችልም ይችላል፤ ካስትሪስ ሲወርዱም እስከ ሆቴሉ የሚወስድ ሌላ መኪና ያስፈልጋል። ሁለት መኪናና አንድ ሄሊኮፕተር የሚጠይቅ አቋራጭ አቋራጭነቱ ያጠራጥራል። ልጅዎ ወላጆቹን ማስደሰት ከፈለገ፣ በሳምንቱ መካከል ሻንጣ በሌለበት ቀን ለሽርሽር ያሳፍራችሁ።

አሁን ወደ እርስዎ ሐሳብ ልምጣ። ሄዋኖራ በር ላይ ታክሲ አለ፤ ሕጋዊም ነው። የታክሲዎቹ ሰሌዳ “ቲ ኤክስ” በሚሉት ሁለት ፊደላት ይጀምራል። ነገር ግን ሒሳብ የሚቆጥር መሣሪያ ስለሌላቸው የሚያስከፍሉት በሰፈር በተደለደለ ታሪፍ ነው፤ ስለዚህ ከዚራና መጋላ የለመዱት የዋጋ ክርክር እዚያ የሚያተርፈው ትንሽ ነው። ከዚህ ሌላ ጥር ለደሴቲቱ ደረቅ ወቅትና የእንግዶች ዋነኛ ወራት በመሆኑ፣ ከሰዓት በኋላ በርካታ አውሮፕላኖች ተከታትለው ሲያርፉ ለስድስት ሰውና ለስድስት ሰው ሻንጣ የሚበቃ ሰፊ መኪና ወዲያውኑ ላይገኝ ይችላል። ሁለት ትንንሽ ታክሲ ተከፋፍሎ መሄድ ደግሞ ሁለት ሒሳብ ነው። ለሁለት ሰው ቢሆን ኖሮ ከእርስዎ ጋር እስማማ ነበር።

መኪናውን የሚያዘጋጀውን ድርጅት ስትጠይቁ የመጀመሪያው ጥያቄ “ስንት ነው?” ሳይሆን “በየትኛው ዶላር?” ይሁን። ሴንት ሉሺያ የምትገበያየው በምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ነው፤ ይህም ገንዘብ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር፣ አንዱ በ2.70 ሒሳብ፣ ተቆራኝቶ የሚኖር ነው። ስለዚህ ሰውየው “200 ዶላር” ካለ፣ የአገሩ ዶላር ከሆነ 74 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነው፤ የአሜሪካ ከሆነ ግን ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ለጡረታ ገንዘብ አዋቂ አልነግርም። ቀጥሎ ዋጋው ለመኪናው ነው ወይስ ለእያንዳንዱ ሰው፣ መሄጃ ብቻ ነው ወይስ መመለሻንም ይጨምራል፣ ለልጅ ልጆችዎ የሕፃናት መቀመጫ አለ ወይ፣ ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ጉዞው ቢሰረዝ ምን ያህሉ ይመለሳል የሚሉትን ጠይቁ። ክፍያውን ልጆችዎ በካርዳቸው ቢፈጽሙትና ደረሰኙ በኢሜይል ቢደርሳቸው ይቀላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን አውሮፕላኑ ቢዘገይስ የሚለው ነው። እርስዎ የባቡር ሰው ስለሆኑ ይህን ለማስረዳት አልቸገርም። አንድ ጣቢያ ባቡር የሚጠብቀው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየ ብቻ አልነበረም፤ ከፊተኛው ጣቢያ “ተነሥቷል” የሚል መልእክት ሲደርሰው ነበር። ለሾፌሩ ያንን መልእክት የሚያደርስለት የበረራ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከተሰጠው፣ አውሮፕላኑ ከአትላንታ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ቢነሣ እሱም ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ከቤቱ ይወጣል። የመድረሻ ሰዓት ብቻ ከተሰጠው ግን በተባለው ሰዓት መጥቶ፣ ጥቂት ጠብቆ ይሄዳል፤ ጥፋቱም የእሱ አይደለም። በነጻ የሚጠብቅበት ጊዜ ስንት ደቂቃ እንደሆነና የሚቆጠረውም ከታቀደው ሰዓት ይሁን አውሮፕላኑ በእርግጥ ካረፈበት፣ ይህ በጽሑፍ ይረጋገጥ። ስድስት ሰው ኢሚግሬሽን አልፎ፣ ሻንጣ ለቅሞ፣ በጉምሩክ ወጥቶ በር ላይ እስኪደርስ አንድ ሰዓት በቀላሉ ያልፋል፤ በተለይ ሻንጣው ውስጥ በርበሬና ሽሮ ካለ።

ሰዓትንና ቀንን ለመጻፍ ሲደርስ ቅጹን ልጆችዎ ይሙሉት እንጂ እርስዎ አይሙሉት። ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት ወደ ውጭ አገር ስሄድ ከጠዋቱ 2:30 የምደርስ መሆኔን በእኛ አቆጣጠር “2:30” ብዬ ጻፍኩ። ሾፌሩ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መጥቶ፣ ጠብቆ፣ ተስፋ ቆርጦ ሄደ፤ ሒሳቡ ግን ሙሉ በሙሉ ተቆረጠብኝ። አውሮፕላናችሁ ለምሳሌ በደሴቲቱ ሰዓት 14:40 የሚያርፍ ከሆነ በእኛ አነጋገር ከቀኑ 8:40 ነው፤ በዚያው ቅጽበት ድሬዳዋ ላይ ከምሽቱ 3:40 ይሆናል፤ ልዩነቱ ሰባት ሰዓት ነውና። በጥር ወር ሴንት ሉሺያ ከአትላንታም በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ትኬት ላይ የሚጻፈው ግን ምንጊዜም የሚያርፉበት ቦታ ሰዓት ስለሆነ ማንም ምንም መደመር የለበትም። ቀኑም እንዲሁ ያሳስታል። የዘንድሮው ጥር 3 በእነሱ ጃንዩወሪ 11 ነው። አሜሪካኖች ወሩን አስቀድመው “01/11” ብለው ሲጽፉት፣ የእንግሊዝን ልማድ የሚከተሉት የደሴቲቱ ሰዎች ኖቬምበር 1 ብለው ሊያነቡት ይችላሉ። ወሩ በፊደል ይጻፍ።

ሾፌሩ ይዞ በሚቆመው ወረቀት ላይ ስለሚጻፈው ስምም አንድ ነገር ልጨምር። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። በፓስፖርት የእርስዎ የአባት ስም ሌላ፣ የባለቤትዎ ሌላ፣ የልጆችዎ ደግሞ የእርስዎ ስም ነው። ስለዚህ መኪናው በአንዱ ተጓዥ የአባት ስም ከተያዘ፣ ከስድስታችሁ መካከል አንዳችሁም “እኔ ነኝ” ሳትሉ በወረቀቱ ፊት ልታልፉ ትችላላችሁ። የእርስዎ የራስዎ ስም ብቻ በትልቁ እንዲጻፍ ንገሯቸው፤ ሁላችሁም የምታውቁት ስም እሱ ነው። የሾፌሩ ስልክ፣ የሆቴሉ አድራሻና የክፍያው ማረጋገጫ በወረቀት ታትመው ከእርስዎም ኪስ ይቀመጡ፤ የልጆቹ ስልክ መረብ ላያገኝ ይችላል፤ የሆቴሉን አድራሻ ኢሚግሬሽንም ይጠይቃል።

ለመመለሻው ሰዓቱን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩት፤ ሦስት ሰዓት ለአውሮፕላን ማረፊያው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ለመንገዱ፣ ሩብ ሰዓት ለዴነሪ ማረፊያ። መኪና በግራ በኩል የሚነዳበት አገር ስለሆነም፣ የልጅ ልጆችዎ መንገድ ሲያቋርጡ እጃቸው ይያዝ።

ጥያቄ፦ የአጎቴ ልጅ ጃማይካ፣ ኪንግስተን ውስጥ ሊያገባ ስለሆነ ለሠርጉ ተጠርቻለሁ። ርካሽ ሆኖ ያገኘሁት ትኬት ሞንቴጎ ቤይ የሚባል ከተማ የሚያወርድ ነው። አንድ አገር እስከሆነ ድረስ ከዚያ በኮንትራት ብሄድ ያስቸግራል?

ሰ. አ.፣ ከሐረር ሸንኮር

መልስ፦ አንድ አገር መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በሞንቴጎ ቤይ ያለው የሳንግስተር አውሮፕላን ማረፊያ በደሴቲቱ ሰሜን ምዕራብ ሲሆን፣ ኪንግስተን በደቡብ ምሥራቅ ስለሆነ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ መንገድ በመካከላቸው አለ። ለብቻዎ የሚከፍሉት የኮንትራት ዋጋ ትኬቱ ላይ ያተረፉትን ሊበላው ስለሚችል፣ ትኬቱን ከመቁረጥዎ በፊት ኪንግስተን ባለው የኖርማን ማንሊ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያወርደውን ትኬት ዋጋ ከሞንቴጎ ቤዩ ትኬትና መኪና ድምር ጋር ያወዳድሩ። በአሜሪካ በኩል የሚያልፉ ከሆነ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ ቪዛ እንደሚያስፈልግዎት አይርሱ። ሞንቴጎ ቤይን ከመረጡ ግን በቀን የሚያርፍ በረራ ይያዙና ሰሌዳው ቀይ ያልሆነ መኪና ውስጥ አይግቡ፤ በጃማይካ ተሳፋሪ ለመጫን ፈቃድ ያለው መኪና ሰሌዳው ቀይ ነው። የሰዓቱ ልዩነት ከእኛ ጋር ዓመቱን ሙሉ ስምንት ነው።

ኪንግስተን ያለው ማረፊያ ቀድሞ ፓሊሳዶስ ይባል የነበረውና ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ያረፉበት ነው፤ ሊቀበላቸው የወጣው ሕዝብ አውሮፕላኑን ከብቦት ለተወሰነ ጊዜ መውረድ አቅቷቸው ነበር። ስለዚህ ከየትም ማረፊያ ቢነሡ፣ ከኢትዮጵያ፣ ያውም ንጉሡ ከተወለዱበት ከኤጀርሳ ጎሮ ብዙም ከማይርቀው ከሐረር መምጣትዎን ሾፌሩ ከሰማ ጨዋታው እስከ ኪንግስተን እንደማይቋረጥ እገምታለሁ። ዋጋው ግን ጨዋታው ሳይጀመር፣ ከሐረር ሳይነሡ በጽሑፍ ተቆርጦ ይድረስዎ።