የግራንት ሂሳብ መያዝ ሙያ ያደነዝዛል?

ውድ ጠያቂዬ፣

የአካውንቲንግ ዲግሪሽን ልትጨርሺ እንደተቃረብሽ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ በምርምር ፋይናንስ ክፍሉ የግራንት (ለጋሾች ለምርምር ሥራ የሚሰጡት ገንዘብ) ሂሳብ ሠራተኛ አድርጎ ሊቀጥርሽ እንደፈለገ፣ አባትሽ ግን ደመወዙ ከፍ ያለውን የባንክ ሥራ እንድትይዢ አጥብቀው እንደሚወተውቱሽ ጽፈሽልኛል። የታናሽ ወንድምሽን የትምህርት ክፍያ የመሸፈን ጉዳይ እንዳለብሽ፣ የሥራውን ሶፍትዌር እንደማታውቂ፣ ስለ ሙያ ማረጋገጫ ፈተናና ስለ ሁለተኛ ዲግሪም እያሰብሽ እንደሆነ ነግረሽኛል። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀሽ በራስሽ ቃል «ቀኑን ሙሉ ኮድ እየመረጥኩ ደረሰኝ ሳስገባ ሙያዬ ይደነዝዛል» የሚለው ሐሳብ ነው። ይህ አስተያየት የብዙ ጎበዝ ተመራቂዎችን ውሳኔ ሲያዛባ ስላየሁ፣ የመልሴን አብዛኛውን ክፍል ለእሱ እሰጣለሁ።

አንድ ዩኒቨርሲቲ ከልዩ ልዩ ለጋሾች ያገኘውን ገንዘብ በአንድ የባንክ ሂሳብ ቢያስቀምጥም እንኳ፣ እያንዳንዱ ለጋሽ ገንዘቡ ለምን እንደዋለ ሲጠይቅ ለየብቻው መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። የሂሳብ ሥርዓቱ ለእያንዳንዱ ወጪ የወጪውን ዓይነት ብቻ ሳይሆን የገንዘቡን ምንጭ፣ ሥራውን የሚያካሂደውን ክፍልና ፕሮጀክቱን ጭምር በመለያ ቁጥር (በኮድ) የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። የላብራቶሪ ኬሚካል መግዣ የወጪ መደብ ለሁሉም ፕሮጀክት አንድ ሊሆን ይችላል፤ የፕሮጀክቱ ኮድ ግን ከስምምነቱ ጋር የተያያዘ በመሆኑ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀኑን፣ የጸደቀውን በጀትና የተከለከሉትን ወጪዎች ሁሉ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ኮዱን የሚመርጠው ሰው «ይህ ወጪ በዚህ ስምምነት ይፈቀዳል» ብሎ እየፈረደ ነው።

በምሳሌ ላስረዳሽ። በጀቱ 100 ሺህ የሆነ ፕሮጀክት እስካሁን 62 ሺህ ተከፍሎበታል እንበል። ዋናው ተመራማሪ ቀሪውን ሲጠይቅ፣ የተከፈለውን ብቻ የሚያይ ሰው 38 ሺህ አለ ይለዋል። ነገር ግን ዋጋው 30 ሺህ ለሆነ መሣሪያ የግዥ ትዕዛዝ ወጥቶ አቅራቢው ገና ካላስረከበ፣ ተመራማሪው በነጻነት ሊያዝበት የሚችለው 8 ሺህ ብቻ ነው። ሥርዓቱ ይህን ግዴታ የተገባበትን ገንዘብ ለይቶ የሚያሳየው ትዕዛዙ ሲወጣ በትክክለኛው ኮድ ተይዞ ከሆነ ነው። መሣሪያው የሚደርሰው የፕሮጀክቱ ጊዜ ካለቀ በኋላ ከሆነ ደግሞ ለጋሹ ወጪውን አልቀበልም ሊል ስለሚችል፣ ይህንን ከወራት በፊት አይቶ የጊዜ ማራዘሚያ እንዲጠየቅ የሚያሳስብ የሂሳብ ባለሙያ ለተቋሙ ከፍተኛ ገንዘብ ያድናል።

ከዚህ የሚከብደው ደመወዝ ነው። በሁለት ፕሮጀክቶች ላይ የሚሠራ የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ደመወዝ 60 በመቶው ለአንዱ፣ 40 በመቶው ለሌላው ሲከፈል፣ ክፍፍሉ የሠራበትን ጊዜ የሚያንጸባርቅ መሆን አለበት፤ የትኛው ፕሮጀክት ገንዘብ ተረፈው የሚለው መለኪያ ሊሆን አይችልም። በሥራው በቆየሁባቸው ዓመታት ከሁሉ በላይ ጥንካሬ የጠየቀኝ፣ አንዱ ፕሮጀክት በጀቱን ሲያልፍ «ወደዚያኛው አዛውሩልን» የሚል ጥያቄ በመጨረሻው ወር ሲመጣ ነበር። ኦዲተሮች እንዲህ ያሉትን ዘግይተው የተደረጉ ዝውውሮች በተለይ ስለሚመረምሩ፣ በቂ ምክንያትና ማስረጃ የሌለውን ዝውውር አንጋፋ ፕሮፌሰር ቢጠይቁሽም በአክብሮትና በጽሑፍ እንደማይቻል መግለጽ ይኖርብሻል። ይህን የሚችል ሰው ሙያው አልደነዘዘም።

ቀጥተኛ ያልሆኑ ወጪዎች፣ ማለትም እንደ መብራት፣ ቤተ መጻሕፍትና አስተዳደር ያሉት፣ ሌላ ሰፊ መስክ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት የሆራይዘን ዩሮፕ የምርምር ድጋፍ መርሐ ግብር ለእነዚህ በአብዛኛው ከተፈቀዱት ቀጥተኛ ወጪዎች 25 በመቶ ሲከፍል፣ የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ በድርድር የተወሰነ ምጣኔ ለሌላቸው ተቋማት የሚፈቅደውን ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ከ10 ወደ 15 በመቶ አሳድጓል። የእነዚህ ወጪዎች አያያዝ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለመረዳት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲን ታሪክ አንብቢ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 የአንድ የመዝናኛ ጀልባ የእርጅና ቅናሽ (በአገልግሎት ዘመኑ የሚቀንሰው ዋጋ) ሳይቀር በመንግሥት የምርምር ገንዘብ ላይ መታሰቡ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ፣ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት በዚያው ዓመት ኃላፊነታቸውን እንደሚለቁ አስታውቀዋል።

የአባትሽን ጉዳይ በተመለከተ በግልጽ ልናገር። ባንክ መምረጣቸው ለአንቺ ከማሰብ የመነጨ ቢሆንም፣ የሚያነጻጽሩት የመጀመሪያውን ወር ደመወዝ ብቻ ነው፤ የምትገቢበት የሥራ ዘርፍ በአምስት ዓመት ውስጥ ምን እንደሚያስተምርሽ አልጠየቁም። የታናሽ ወንድምሽን የትምህርት ክፍያ መሸፈን የቤተሰቡ ውሳኔ ከሆነ፣ በየወሩ ስንት እንደሚጠበቅብሽና መቼ እንደሚያበቃ በወረቀት ላይ አስፍሩት። የዩኒቨርሲቲው ደመወዝ ያንን ከሸፈነ «ገንዘቡ አይበቃም» የሚለው መከራከሪያ ወድቋል፤ ካልሸፈነ ግን ባንኩን ለተወሰነ ጊዜ መያዝ አያሳፍርም። ገደብ የሌለውን ግዴታ ግን አትቀበዪ።

ሶፍትዌሩን አለማወቅሽ አያሳስብሽ፤ ስክሪኑ በሳምንታት ይለመዳል፣ ስምምነት ማንበብ ግን ዓመታት ይወስዳል። የሙያ ማረጋገጫ ፈተናውን በሁለቱም ሥራ ላይ ሆነሽ መቀጠል ትችያለሽ። ሁለተኛ ዲግሪውን ለጊዜው ተዪው።

ከመፈረምሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂያቸው። አንደኛው የአንቺ ደመወዝ ከዩኒቨርሲቲው መደበኛ በጀት ነው ወይስ ከአንድ ፕሮጀክት የሚለው ነው፤ ከፕሮጀክት ከሆነ ሥራሽም ከእሱ ጋር ሊያበቃ ስለሚችል የማብቂያ ቀኑን በውሉ ላይ ተመልከቺ። ሁለተኛው፣ አንድ ግዥ ከጥያቄ ተነሥቶ ለጋሹ ዘንድ እስከሚቀርበው ሪፖርት ድረስ የሚያልፍበትን መንገድ እንዲያሳዩሽ ነው። ሪፖርቱ ከሥርዓቱ ሳይሆን እያንዳንዱ ሠራተኛ በየኮምፒውተሩ ከያዘው ኤክሴል የሚወጣ ከሆነ፣ ያንን የሚያስተካክል ኃላፊ መኖሩን አረጋግጪ። ኃላፊ ከሌለ የባንኩን ውል ፈርሚ፤ ካለና ደመወዙ የቤተሰብ ግዴታሽን ከሸፈነ ግን ዩኒቨርሲቲውን ምረጪ።