3-4 ወይስ 4-2-5? ለጠየቅከው ወንድሜ

ጥያቄህን አየሁት። ዲቪዥን ሁለት (ከኮሌጅ ስፖርት ሁለተኛው እርከን) ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድኑን የዲፌንስ (የመከላከል) ኃላፊነት ሰጥተውህ «3-4 ይሻለኛል ወይስ 4-2-5?» ብለሃል። እንኳን ደስ አለህ። ጥያቄህ ሥር የመለሱልህ ሰዎች የኒክ ሳባን ዘመኑን የአላባማ (ከኮሌጅ ኃያላን አንዱ ነው) 3-4 አይተህ ቅዳ ብለውሃል። እኔም ያንኑ ቀድቼ ነው ጉድ የሆንኩት፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ። ምን ምን እንደሆኑ አንተን አላስረዳህም፣ ሳታውቀው ሥራውን አይሰጡህም። ለሌላው አንባቢ ግን፦ 3-4 ማለት ፊት ሦስት ላይንመን፣ ከኋላቸው አራት ላይንባከር ነው፤ 4-2-5 ማለት አራት ላይንመን፣ ሁለት ላይንባከር፣ ከኋላ ፓስ የሚጠብቁ አምስት ዲፌንሲቭ ባክ ነው።

1. ከስኪሙ (ከአሰላለፉ) በፊት መሃል የሚቆመውን ሰው ምረጥ። 3-4 ማለት ኖዝ ታክል ማለት ነው። ሴንተሩን (ኳሷን ወደ ኋላ የሚሰጠውን የተጋጣሚ ተጫዋች) ይዞ ግራና ቀኝ ሁለቱንም ጋፕ (ክፍተት) የሚዘጋ፣ ሁለት ሰው ሲደረብበት ንቅንቅ የማይል ግንድ ከሌለህ ከኋላው ያሉት ላይንባከሮች ጌጥ ናቸው። አላባማ እንዲህ ዓይነት ልጅ ሲጎድለው ሌላ ያመጣል። አንተ ለመላው ቡድን ያለህ ቢበዛ 36 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነው፤ እሱንም ቆራርሰህ ነው የምታድለው። 300 ፓውንድ ሆኖ እግሩ የሚፈጥን ልጅ፣ ትልልቆቹ ሳያዩት አንተ ጋ አይደርስም።

እኔ ጋ ግን ደረሰ። ማለቴ፣ ሊደርስ ነበር።

ከአንድ ጁኒየር ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) 308 ፓውንድ የሚመዝን ልጅ አገኘሁ። ፊልሙን አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። ፌብሩዋሪ ላይ «ኮች፣ እመጣለሁ» አለኝ። በቃ! የነበረንን 4-2-5 ጥዬ ፕሌይቡኩን (የጨዋታ ዕቅድ መጽሐፉን) ከአንድ ጀምሬ በ3-4 ጻፍኩት። የስፕሪንጉን ልምምድ በሙሉ 3-4ን አስተማርኩ። በቦታው የቆመውን ልጅ «ለጊዜው ነው» አልኩት። ሙሽራዋ እሺ ሳትል ድንኳን ጣልኩ።

ከዚያ የክሬዲት ጣጣ መጣ። የኮሌጃችን አንድ ቢሮ፣ ስሙን ልተወው፣ ሁለት ኮርሶቹን ሳንመረምር አንቀበልም አለ። ይመርምሩ፣ መብታቸው ነው። ግን ጁንን ሙሉ «ትራንስክሪፕቱ አልደረሰንም» አሉኝ። የታሸገውን ፖስታ በእጄ ነው ያስረከብኳቸው! ጁላይ ላይ «ደርሷል፣ የሚመለከታት ሴትዮ ግን ቫኬሽን ላይ ናት» ተባልኩ። ስትመለስ መስኮቷ ላይ ሄጄ ተገተርኩ። ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «ኮች፣ እዚህ ሁሉም ተማሪ እኩል ነው» አለችኝ። ይበላለጣሉ ያልኳት ይመስል። አባቴ ስለ ቀበሌ ሲያወራ ያጋንን ይመስለኝ ነበር፤ ያን ቀን ደውዬ ይቅርታ ልጠይቀው ምንም አልቀረኝም።

ልጁ ጠብቆ ጠብቆ ኦገስት ላይ ሌላ ኮሌጅ ገባ። አልፈርድበትም።

የኔ ትልቁ ጥፋት የመጣው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ሳምንት ወደ 4-2-5 መመለስ ነበረብኝ። ኩራት አልፈቀደልኝም። ያን ሁሉ ወር ያስተማርኩትን እንዴት ልጣለው? «ለጊዜው ነው» ያልኩትን ልጅ ቋሚ ኖዝ አደረግኩት። ጎበዝ ልጅ ነው፣ አንጀቱ አንበሳ ነው፤ ግን ግንድ አይደለም።

ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ኦፕሽን (ኳሷን ማን ይዞ እንደሚሮጥ እዚያው እያየ የሚወስን የሩጫ ስልት) የሚጫወት ቡድን ገጠመን። ፉልባኩን ኳስ አስይዘው መሃል ለመሃል ላኩት። ደገሙት። ሠለሱት። ሴንተሩና ከጎኑ ያለው ጋርድ ልጄ ላይ ይደረቡና አራት ያርድ ወደ ኋላ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ላይንባከሮቼ ከራሳቸው ሰው ጀርባ ጋር እየተጋጩ ይወድቃሉ። በሩጫ ብቻ 371 ያርድ ወሰዱብን። በአራተኛው ኳርተር ልጁ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀና ብሎ አየኝ። ያ አስተያየት እስካሁን አይወጣልኝም።

እናቴ ያን ቀን ጋቢዋን ደርባ እየተመለከተች ነበር። ስለዚህ ጨዋታ የምታውቀው ልጇ እንደሚጮህበት ብቻ ነው። መኪና ውስጥ ዝም ብላ ቆየችና «ያ መሃል ያለው ልጅ ግን ምን አድርጓቸው ነው ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚረባረቡበት? አጋዥ የለውም?» አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ፊልም እያየሁ የደረስኩበት እሷ ካለችው አላለፈም።

ቁጥር 2 ላይ ልደርስ ነበር።

2. የሚገጥሙህን ቡድኖች ቁጠር። ከአሥሩ ስምንቱ ስፕሬድ (ተጫዋቾቹን በሜዳው ስፋት የሚበትን) ከሆኑ አምስተኛ ዲፌንሲቭ ባክ ለአንተ ቅንጦት አይደለም። ኮሌጅ ላይ የኦፌንስ ላይንመን ፓስ ሳይወረወር ሦስት ያርድ ወደ ፊት መውጣት ይፈቀድለታል፣ ኤንኤፍኤል (የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ) ላይ አንድ ብቻ ነው። አርፒኦ (ሩጫም ፓስም ሊሆን የሚችል ጨዋታ) የሚያብደው ለዚህ ነው፤ ላይንባከርህ ሩጫ ነው ብሎ ሲገባ ኳሷ በጭንቅላቱ ላይ ታልፋለች። ሃሽ ማርኮቹም (ሜዳው መሃል ያሉት ሁለት የምልክት ተርታዎች) በ40 ጫማ ይራራቃሉ፣ ኤንኤፍኤል ላይ 18 ጫማ ተኩል ናቸው። ኳሷ አንዱ ሃሽ ላይ ስትቀመጥ በሰፊው በኩል የምትሸፍነው ሜዳ በሬ ያሳርሳል። እዚያ ከባድ ላይንባከር አቁመህ እንዳታለቅስ።

4-2-5 ለሩጫ ይሳሳል የሚሉህን አትስማቸው። አሠልጣኝ ጋሪ ፓተርሰን የመራው የቲሲዩ (የቴክሳስ ኮሌጅ) ቡድን የ2010ን ሲዝን በእሱ 13 ጊዜ አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ጨርሷል። ሮዝ ቦውል (ስመ ጥር የሲዝን መዝጊያ ጨዋታ) ላይ የገጠማቸው ዊስኮንሲን ነበር፤ ላይኑ ግድግዳ የሚያክል ቡድን። 21 ለ 19 አሸነፉት፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ዊስኮንሲንን አቻ የምታደርገውን የሁለት ነጥብ ፓስ በእጁ መትቶ የጣላት ላይንባከራቸው ታንክ ካርደር ነው። ፈልገህ እያት። እኔ በየሲዝኑ ለልጆቼ አሳያታለሁ።

3. ቃል ቀንስ። ዲቪዥን አንድ ላይ ትልልቆቹ ከ2024 ጀምሮ ሄልሜት ውስጥ ሬዲዮ ተፈቅዶላቸዋል። እኛ በዚያ ሲዝን የነበረን የእጅ ምልክትና ካርድ ነበር። የኔ 3-4 አንድ ጥሪ ሰባት ምልክት ነበረው። ኮርነሬ (ከጠርዝ የሚቆመው ዲፌንሲቭ ባክ) መዳፉን ዘርግቶ «ምን?» ሲለኝ ሴንተራቸው ኳሷን ሰጥቶ ጨርሷል። ሁለት ፍሮንት (የፊት አሰላለፍ)፣ ሦስት ከቨሬጅ (የፓስ መከላከያ) ይበቃሃል። ዋናው ኮች «ለምን አልጨመርክም?» ይልሃል። የኔም ብሎኛል፣ ስብሰባ ላይ፣ በሰው ፊት። እሺ በለውና አትጨምር።

በአምስተኛው ሳምንት ፕሌይቡኬን ቢሮዬ ወለል ላይ ዘርግቼ ቀደድኩት፣ ወደ 4-2-5 ተመለስን። ያንን ልጅ ከሴንተሩ ላይ አንስቼ ከጋርዱ ውጪ ትከሻ ላይ አቆምኩትና «ያንተ ይህች አንዲት ጋፕ ብቻ ናት፣ ሮጠህ ግባ» አልኩት። ሁለት ሰው ሳይደርስበት ያልፍ ጀመር። ከቀሩት ስድስት ጨዋታዎች አራቱን አሸነፍን። ልጁ ኳስ ይዘው የሚሮጡትን ከመነሻ መስመራቸው ኋላ በመጣል የቡድናችን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ይህንን ስጽፍ ደረቴ ይነፋል፣ አልደብቅህም።

ሌላውን በውስጥ መስመር እንጨርሰው። የተጫዋቾችህን ዝርዝር ከነክብደታቸው ላክልኝ። ግን ሮስተሩ (የቡድኑ ይፋዊ ዝርዝር) ላይ የተጻፈውን ክብደት አትላክልኝ። የኔው ልጅ ወረቀት ላይ 265 ነበር፤ የዕቃ ክፍሉ ሚዛን ላይ ካልሲ ብቻ አድርጎ ሲወጣ 241 ሆነ። አንድ በአንድ ራስህ መዝናቸው።