በማግኔት ኤኤልኤስ ይድናል ወይ?

ጥያቄ፦ ዶክተር ሰላም ኖት? አባቴ ከአምና ጀምሮ ቀኝ እጃቸው እየሰለለ መጣ፣ አሁን ደሞ አንደበታቸው እየተሳሰረ ነው፣ ሃኪሙ ኤኤልኤስ (ጡንቻ የሚያዙት ነርቮች ቀስ በቀስ የሚሞቱበት በሽታ) ነው አለን። ቲክቶክ ላይ አንድ ክሊኒክ አንጎልን በማግኔት አነቃቅተን እናድናለን ይላል፣ ስንደውል ሙሉውን ብር ቀድማችሁ ክፈሉ አሉን፣ ወንድሜ መኪናውን ሊሸጥ ደላላ ጠርቷል። ምን ይሻላል? ሰ. ከዱባይ

መልስ፦ እህቴ፣ መኪናው አይሸጥ። ማሽኑ ራሱ ውሸት አይደለም፣ ቲኤምኤስ ይባላል፣ 1985 ላይ እንግሊዝ ሼፊልድ ውስጥ እነ አንቶኒ ባርከር ናቸው የሰሩት፣ ጭንቅላት ላይ የሚያስቀምጡት ጥቅል ሽቦ ቶሎ ቶሎ የማግኔት ምት ይለቅና ውስጥ ያሉትን ነርቮች ይነካል፣ ቀዶ ጥገና የለውም፣ አሜሪካም በ2008 ለድብርት ፈቅዳዋለች። ለድብርት ግን ነው!

እኔን የገረመኝ "እናነቃቃለን" የሚሉት ነገር ነው። በኤኤልኤስ እኮ ጡንቻ የሚያዙት የአንጎል ሴሎች መጀመሪያ ላይ ከልክ በላይ ነቅተው ነው የሚገኙት፣ ግሉታሜት የሚባለው ኬሚካል ሲበዛባቸው ይጎዳሉ ተብሎ ይታሰባል፣ ስለዚህ ሮም ያሉት ተመራማሪዎች እነ ዲ ላዛሮ የሞከሩት ተቃራኒውን ነው፣ በማግኔት ማብረድ። 20 በሽተኛ ወስደው ለግማሹ እውነተኛውን ለግማሹ የውሸቱን፣ በየወሩ 5 ቀን፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሰጡ። 2009 ላይ ውጤቱ ሲወጣ ሁለቱም ቡድን እኩል ነው የደከመው። በ2011 የህክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ተቋም ሲገመግም ደግሞ ያገኘው 3 ጥናቶች ብቻ ነው፣ ሁሉም ተደምረው 50 ሰው፣ አሰራራቸውም ደካማ ነው፣ በዚህ ይሰራል ማለት አይቻልም ብሎ ነው የዘጋው። ምርምሩ አልቆመም፣ ግን በትክክለኛ ጥናት ውስጥ የገባ በሽተኛ ለሚሞከርበት ነገር አይከፍልም፣ ቀድማችሁ ክፈሉ ካሉሽ ንግድ ነው በቃ።

ብሩ የሚገባበት ሌላ ቦታ አለ። ሪሉዞል የሚባለው ክኒን ከ1995 ጀምሮ አለ፣ አያድንም፣ ጥቂት ወራት ነው የሚጨምረው፣ ሃኪማቸው ካዘዘ አንቺም እዛው ዱባይ ጠይቂ፣ ሲወስዱ ጉበታቸው በደም ምርመራ እየታየ ነው። ከሱ በላይ የሚጠቅመው ትንፋሽ ሲያጥር ማታ ማታ በማስክ አየር የሚገፋው ባይፓፕ ነው፣ ብዙ ቤተሰብ ስሙን እንኳን ሳይሰማ ነው ጊዜው የሚያልፈው፣ ያናድደኛል። ውሃ ሲጠጡ ትን ካላቸው ወፈር ያለ አጥሚት ይሻላቸዋል፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በትንሽ በትንሹ፣ አገጫቸውን ዝቅ አርገው ይዋጡ፣ እንጀራውም በደንብ የራሰ ፍትፍት ይሁን። ኪሎ እየቀነሱ ከሆነ በሆድ በኩል ምግብ ስለሚሰጥበት ቱቦ ከሃኪሙ ጋር አሁኑኑ አንሱ፣ ትንፋሽ ከደከመ በኋላ ማስገባቱ ይከብዳል።

ለቀጣዩ ቀጠሮ የሳንባ አቅም ምርመራ ይታዘዝላቸው። ጠዋት ሲነሱ ራሳቸውን የሚያማቸው ወይ ተጋድመው መተኛት የሚያቅታቸው ከሆነ ግን ቀጠሮውን አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ወንድምሽ ይውሰዳቸው።