ለጀማሪ መሐንዲሶች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

«የሙያ ማኅበር ምን ይጠቅመናል?» ስትሉ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እስቲ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 1818 ለንደን፣ ፍሊት ስትሪት ላይ፣ ኬንዳል የሚባል ቡና ቤት ውስጥ ጥቂት መሐንዲሶች ተሰበሰቡ። አብዛኞቹ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ሲቪል ምህንድስና የሚያስተምር ኮሌጅ አልነበረም። ሙያውን የሚለምዱት ከአንድ ባለሙያ ሥር ሆነው ነው፤ እሱ የማያውቀውን ማን ያሳያቸዋል? ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመርና ጓደኞቹ እርስ በርስ እንማማር ብለው የሲቪል መሐንዲሶችን ተቋም መሠረቱ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልሄደም፤ አባል ጠፋ። በ1820 ቶማስ ቴልፎርድን ፕሬዚዳንት ይሁኑልን ብለው ለመኑት። የእረኛ ልጅ ነው፤ በድንጋይ ጠራቢነት ጀምሮ በመንገድና በድልድይ ሥራ አንቱ የተባለ። እሺ አላቸው። እኔን የሚነካኝ ይሄ ነው፤ ልጆች ናቸው ብሎ አልናቃቸውም። ስሙን አውሶ ዝም አላለም፤ ከስብሰባው አይቀርም፣ የተነገረው እንዲጻፍ ይፈልጋል፣ መጻሕፍትም ሰጣቸው። በ1828 ተቋሙ ከንጉሡ ቻርተር፣ ማለትም የሕጋዊ ዕውቅና ሰነድ፣ አገኘ። እስከ ዛሬ አለ።

ፓልመርን እናንተም ሳታውቁት ታውቁታላችሁ። ሞገድ ያለውን ቆርቆሮ በ1829 በፓተንት ያስመዘገበው እሱ ነው። ስስ ብረት ዝርግ ሆኖ ከተሠራ በራሱ ክብደት ይጎብጣል። ሞገድ ሲወጣለት ግን ውፍረት ሳይጨመርበት ይጠነክራል። በክረምት ዝናቡ የሚደበድበው የቤታችን ጣሪያ የዚያ ሐሳብ ውጤት ነው።

ወደ እኛ ልምጣ። ሳይት ላይ ኮንክሪት ሲሰነጠቅ ብዙ ጊዜ ይለሰንና ይረሳል። ለምን ተሰነጠቀ? ሲቦካ ውሃው በዝቶ ነው? እስኪጠነክር ቅርጹን የሚይዝለት ፎርም ቶሎ ተነስቶ ነው? ከተሞላ በኋላ ውሃ ሳይጠጣ ቀርቶ ነው? የሚጽፈው የለም። በሚቀጥለው ሳይት ሌላ ልጅ ያንኑ ስንጥቅ እንደ አዲስ ያገኘዋል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ትልቅ ማኅበር እስኪጠራችሁ አትጠብቁ። አምስት ስድስት ሆናችሁ በወር አንድ ማታ ተገናኙ። ከየሳይታችሁ አንድ ያስቸገራችሁን ነገር ይዛችሁ ኑ፤ ፎቶውንም፣ የሙከራ ውጤቱንም። ቃለ ጉባኤ በተራ ያዙ። የቆየ ባለሙያም ጋብዙ፣ አትፍሩ። እኔ ከጠራችሁኝ እመጣለሁ።