መንጠቆውን ከመንቀልሽ በፊት ከፍታውን ለኪ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ለ11 ዓመት ልጄ ኤልጂቢ የሚባል ፋብሪካ የሠራው ያገለገለ የአሻንጉሊት ባቡር ገዛሁለትና ጓሯችን ውስጥ ሐዲድ ዘረጋን። ቆየት ብለን ባችማን የሚባል የሌላ ፋብሪካ ፉርጎዎች ጨመርን። እነሱ የሚያያዙት እንደታጠፈ ጣት ባለ ነገር ነው፤ የኤልጂቢው ደግሞ በመንጠቆና በቀለበት። ስለማይገጥሙ በሲባጎ አስረን ነው የምንነዳቸው። ዳገቱ ላይ ሲሆን ደግሞ የኤልጂቢዎቹ ራሳቸው ይላቀቃሉ። የሎኮሞቲቩን መንጠቆ ነቅዬ ኬዲ የሚባለው ፋብሪካ የሚሠራውን ባለ ጣት መጋጠሚያ ልገጥምለት አስቤያለሁ። እንዳላበላሸው ግን ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ የድሬዳዋ ልጅ ነኝና አንቺ ብልሽ አትቀየሚኝ። እኛ ጋ ትልቁም ትንሹም አንተ፣ አንቺ ነው።

ሲባጎውን ዛሬውኑ ፍቺው። አንድ ቀን የጎማው ዘንግ ላይ ይጠመጠምና ሞተሩ ሲታገል ይግላል፤ የውስጥ ጥርሱም ሊበላ ይችላል።

የዳገቱ ነገር ለብቻው ይታይ። መንጠቆ ስለቀየርሽ አይድንም። ውሃ ልክ ይዘሽ ውጪና ዳገቱ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቦታ ተመልከቺ። ሐዲዱ እዚያ ጋ ድንገት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከታጠፈ የአንዱ ፉርጎ አፍንጫ ቀና ሲል የሌላው ይደፋል። ያኔ መንጠቆው ከቀለበቱ ሾልኮ ይወጣል። ከሥሩ ጠጠር እየጨመርሽ ዳገቱን ቀስ ብሎ እንዲጀምር አድርጊው። ሌላም ነገር አለ። ኤልጂቢ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መጋጠሚያ ላይ አንድ መንጠቆ ብቻ ነው የሚያደርገው። ሁለተኛውን መንጠቆ ለብቻው ገዝተሽ በሌላው ወገን ብትጨምሪ ሁለቱ ይተጋገዛሉ። ብዙ ሰው ይህን ሳይሞክር ነው ሁሉንም ነቅሎ የሚጥለው።

አሁን ወደ ኬዲው። በሎኮሞቲቩ አትጀምሪ። አንድ ፉርጎ ምረጪና በአንዱ ጫፍ የድሮውን መንጠቆ ተይለት፤ በሌላው ጫፍ ኬዲ ግጠሚለት። እኔ ድልድይ ፉርጎ እለዋለሁ። ከፊት ኤልጂቢውን ይይዛል፣ ከኋላ ጣት ያላቸውን ይጎትታል። ሎኮሞቲቩን ሳትነኪ ሲባጎው ቀረ ማለት ነው። የባችማኖቹን የፕላስቲክ ጣት ግን ቀስ በቀስ በኬዲ ለውጪው። ከኬዲ ጋር የተያያዘ ይመስላል እንጂ ጭነት ሲበዛበት አይታመንም።

ከሁሉም በላይ የምለምንሽ ከፍታውን እንድትለኪ ነው። ኬዲ ሐዲድ ላይ የሚቀመጥ መለኪያ ይሸጣል። እሱን ከጎን አስቀምጠሽ ፉርጎውን ታስጠጊያለሽ፤ ሁለቱ ጣቶች ትክክል መግጠም አለባቸው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ስገጥም በዓይኔ ገምቼ አለፍኩት። አንደኛው ወደ 4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ኖሯል። ሜዳው ላይ ምንም አላለም። የዳገቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ግን ጣቱ ከሥር ሾለከና 3 ፉርጎዎች ወደ ኋላ ተንደረደሩ። የመጨረሻው ኩርባው ላይ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ደረጃው ተሰብሮ አፈር ውስጥ ነው ያገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ ብሎን አላጠብቅም። ዝቅ ካለ ከመጋጠሚያው ሳጥን በላይ ያለውን ክፍተት ትቀንሻለሽ፣ ከፍ ካለ ስስ ፕላስቲክ ወይም ሮንዴላ ታስገቢያለሽ።

ሁለተኛው ጉዳይ ኩርባሽ ነው። ከማስጀመሪያው ሳጥን የሚወጣው ሐዲድ 12 ቁራጭ ሆኖ ክብ ይሠራል፤ ከመሀል እስከ ሐዲዱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ጠባብ ነው። ኬዲውን የፉርጎው አካል ላይ ብትገጥሚው ረጅም ፉርጎ እዚህ ኩርባ ላይ ጎረቤቱን ወደ ጎን ይጎትተውና ከሐዲድ ያወጣዋል። ስለዚህ ከጎማዎቹ ጋር አብሮ በሚዞረው ቦጊ ላይ ይሁን። አካል ላይ የተገጠመ ወደ ኋላ ሲገፋ የበለጠ ይረጋል፤ እኔም እሱን ነው የምወደው፤ ግን ሰፊ ኩርባ ይጠይቃል።

ሎኮሞቲቩ ተራው ሲደርስ ወፍራም ፎጣ ላይ ገልብጪው። መንጠቆው ከሥር አብዛኛውን ጊዜ በአንዲት ብሎን ነው የተያዘው። የብሎኗን አፍ ልክ የሚሞላ ካቻቢቴ ያዢ፤ ትንሽ ካቻቢቴ አፏን ይበላዋል። የኬዲዋ ሞላ ደግሞ የሩዝ ፍሬ ታክላለች፤ አንዴ ከተስፈነጠረች ሣር ውስጥ አትገኝም። እኔ ሁለቱንም እጄን ነጭ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ነው የምገጥማት። የሎኮሞቲቩን አካል በሴጌቶ አትቁረጪ። ቆርጠሽ ካልሆነ የማይገባ ከሆነ ድልድይ ፉርጎው ይበቃሻል። የነቀልሽውን ሁሉ ከነብሎኑ አስቀምጪ፤ ባቡሩን የመሸጥ ሐሳብ ከመጣ ገዢው ይጠይቅሻል።

ልጅሽ ይህ ጣት ከየት መጣ ቢልሽ ይህን ንገሪው። ድሮ አሜሪካ ውስጥ ሠራተኛው በሁለት ፉርጎ መሀል ቆሞ በእጁ ነበር የሚያያይዛቸው። ብዙዎች ጣታቸውን፣ ሕይወታቸውንም አጥተዋል። ኢላይ ጃኒ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1873 በራሱ የሚቆለፈውን መጋጠሚያ በስሙ አስመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1893 የአሜሪካ ሕግ ፉርጎዎች በራሳቸው እንዲያያዙ አዘዘ። ጓሮሽ ያለው የዚያ ልጅ ነው። የኤልጂቢው 45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ደግሞ የ1 ሜትር ሐዲድ በ22.5 ተካፍሎ በግምት የሚመጣው ነው። የጅቡቲና የአዲስ አበባው የድሮ ሐዲድም ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው እዚያ ባቡር ላይ ነው፤ ለዚህ ነው ሐዲድሽን ገና ሳላየው የወደድኩት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመጋጠሚያው ጣት ደርቆ አልዘጋ ሲለኝ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ብጠቀም ችግር አለው? ከቨርጂኒያ።

መልስ፦ ተው ወንድሜ። ጓሮ ውስጥ ዘይት አቧራውን ሁሉ ይሰበስብና በሳምንቱ ጭቃ ይሆናል። ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ጥቂት ነስንስና ጣቱን አሥር ጊዜ ያህል ክፈት ዝጋ አድርገው። ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ሞተሩና ሽቦው አካባቢ እንዳይበተን ብቻ ተጠንቀቅ።